መጀመሪያ ወስኑ፣ ከዚያ ተናገሩ፦ ስለ ኤችቲቲፒ የምላሽ ሄደሮች

በፒኤችፒ ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል። ሄደሮቹ፣ ማለትም ከገጹ ይዘት በፊት የሚላኩት የመመሪያ መስመሮች፣ ቀድመው ተልከዋል፣ ከእንግዲህ ልለውጣቸው አልችልም ይላል። ኮዱ ሲያዩት ትክክል ነው። ትናንት ሲሠራ ነበር። ዛሬ የተጨመረችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ታዲያ ምን ነካው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኢንተርኔት ውስጥ መፍትሔ ይፈልግና አንድ መስመር ገልብጦ ይለጥፋል። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ምክንያቱ ግን እዚያው ነው፤ ሌላ ቀን በሌላ መልክ ይመጣል። ነገሩን አንዴ ከሥሩ መረዳት በጣም ይሻላል። ከባድም አይደለም። አንዴ ከገባችሁ ደግሞ ለፒኤችፒ ብቻ ሳይሆን በሰርቨር ላይ ለምትጽፉበት ቋንቋ ሁሉ ያገለግላችኋል።

ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል። በእሱ መሠረት ብሮውዘር አንድ ገጽ ሲጠይቅ ከሰርቨሩ የሚመጣለት ምላሽ እንዲህ ነው የሚደረደረው። መጀመሪያ ውጤቱን የሚናገር አንድ መስመር ይመጣል። 200 ከሆነ ተሳክቷል፤ 404 ከሆነ የተጠየቀው ነገር አልተገኘም፤ 500 ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ ችግር አለ። ቀጥሎ ሄደሮቹ በየመስመራቸው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ስምና ዋጋ አለው። ከእነሱ በኋላ አንድ ባዶ መስመር አለ። ከባዶው መስመር በታች ያለው ሁሉ ይዘት ነው፤ ኤችቲኤምኤል ሊሆን ይችላል፣ ምስል ሊሆን ይችላል፣ ፋይል ሊሆን ይችላል።

ያቺ ባዶ መስመር የሁሉም ነገር ድንበር ናት። ከእሷ በላይ ያለውን ብሮውዘሩ እንደ መመሪያ ይወስደዋል፤ ይህ ይዘት ምን ዓይነት ነው? ላስቀምጠው ወይስ ልጣለው? ወደ ሌላ አድራሻ ልሂድ? ከእሷ በታች ያለውን ደግሞ ለተጠቃሚው ያቀርበዋል። የይዘቱ የመጀመሪያ ባይት ከሰርቨሩ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ ሄደር መጨመር አይቻልም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

ሄደሮች ከመጀመሪያው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1991 የነበረው ኤችቲቲፒ 0.9 እነሱን አያውቅም ነበር። ብሮውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ኤችቲኤምኤሉን ልኮ ግንኙነቱን ይዘጋል፣ አለቀ። የውጤት ቁጥር እንኳ አልነበረውም። ሄደሮች ያሉት የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ዛሬ የሄደሮችን ትርጉም ማመሳከር የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን አርኤፍሲ 9110 የተባለውን የኤችቲቲፒ ደንብ ሰነድ ይከፍታል።

በሰርቨር ላይ ስክሪፕት ማስኬድ ሲጀመር የተለመደው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣው ሲጂአይ ነበር። በሲጂአይ ስክሪፕቱ ሁሉንም ነገር ራሱ ያትማል። መጀመሪያ ሄደሮቹን፣ ከዚያ ባዶውን መስመር፣ ከዚያ ገጹን። ባዶውን መስመር ከረሳችሁ ሰርቨሩ 500 ብሎ ይመልስላችኋል። አድካሚ ቢሆንም ግልጽ ነበር፤ ድንበሩን በገዛ እጃችሁ ነው የምታሰምሩት።

ፒኤችፒ ይህን ሥራ ተረከበ። የመጀመሪያዋን ፊደል ስታትሙ እሱ ቀድሞ ሄደሮቹን ይልካል፣ ባዶውን መስመር ይጨምራል፣ ፊደሏን ያስከትላል። ሥራ ያቀላል። ግን ድንበሩን መቼ እንዳለፋችሁት አታዩም። የዚያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ምንጭ ይህ ነው።

የባሰው ደግሞ ያቺ የመጀመሪያ ፊደል የማትታይ ልትሆን ትችላለች። ከፒኤችፒው መክፈቻ ምልክት በፊት ያለች አንዲት ክፍት ቦታ በቂ ናት። ከመዝጊያው ምልክት በኋላ የቀሩ ባዶ መስመሮችም እንደዚያው። ፒኤችፒ ከመዝጊያው ቀጥላ ያለችውን አንዲት የመስመር መስበሪያ ይውጣታል፤ ሁለተኛዋን ግን ያትማታል። ለዚህ ነው ኮድ ብቻ በያዘ ፋይል መጨረሻ ላይ የመዝጊያውን ምልክት ጭራሽ አለመጻፍ የተለመደው። እናንተም ልመዱት።

ከሁሉም አናዳጁ ቦም የሚባለው ነው። አንዳንድ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች ፋይሉን በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ስልት፣ ሲያስቀምጡ መጀመሪያው ላይ 3 ባይት ይጨምራሉ። ፋይሉን ስትከፍቱት ምንም አይታይም። ማስጠንቀቂያው መስመር 1 ላይ ነው ይላችኋል፤ መስመር 1 ላይ ደግሞ የመክፈቻው ምልክት ብቻ ነው ያለው። መፍትሔው ፋይሉን ያለ ቦም እንደገና ማስቀመጥ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ሰዓታት ያቃጥላል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሁለት ቦታ ይነግራችኋል። አንደኛው ሄደሩን ልትልኩ የሞከራችሁበት ነው፤ እሱ ጥፋተኛ አይደለም። ሁለተኛው ኅትመቱ የጀመረበት ፋይልና መስመር ነው። መሄድ ያለባችሁ ወደዚያ ነው። ከእሱ በላይ ሌላ ማስጠንቀቂያ ከታየ ደግሞ መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ። ስክሪን ላይ የታተመ ማስጠንቀቂያ ራሱ ኅትመት ነውና ድንበሩን ያለፈው እሱ ሊሆን ይችላል።

ሰዎች ገልብጠው የሚለጥፉት መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ባፈር ማብራት ነው። ባፈር ሲበራ የታተመው ነገር ወዲያው አይላክም፤ ሰርቨሩ ላይ ይጠራቀማል። ሄደር ለመጨመር ጊዜ ይገኛል። ዘዴው በራሱ ነውር የለበትም። ገጹን ከመላኩ በፊት ለመጭመቅ ወይም ቴምፕሌት ለመሙላት ይጠቅማል። የቅደም ተከተል ስህተትን ለመሸፈን ሲውል ግን አደገኛ ነው። ከፒኤችፒ ጋር በናሙና የሚመጡት የማስተካከያ ፋይሎች ባፈሩን 4096 ባይት ያደርጉታል። ገጹ አጭር እስከሆነ ድረስ ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል። አንድ ቀን ዝርዝሩ ይረዝማል፣ 4096 ይሞላል፣ ሄደሮቹ ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ የተጠራው ሪዳይሬክት፣ ማለትም ብሮውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ የሚልከው ትእዛዝ፣ ይከሽፋል። ወይም ኮዱ ማስተካከያው ወደተለየ ሌላ ሰርቨር ይዛወርና እዚያ እምቢ ይላል። በራሴ ማሽን ላይ ይሠራል የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ትክክለኛው መፍትሔ የኮዱን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። ጥያቄውን ተቀበሉ። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ አረጋግጡ። ዳታቤዙን ጠይቁ። የሚላከው ቁጥር 200 ይሁን 404፣ ሪዳይሬክት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ኩኪ (ብሮውዘሩ ይዞ መልሶ የሚልከው ትንሽ መረጃ) ይቀመጥ እንደሆነ ወስኑ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ማተም ጀምሩ። በዘመናዊ ፍሬምወርኮች ውስጥ ምላሹ እንደ አንድ ዕቃ ተዘጋጅቶ መጨረሻ ላይ የሚላከው ለዚህ ነው።

ሌሎቹ ቋንቋዎችም ከዚሁ ሕግ አያመልጡም፤ የሚለያዩት በሚሰጡት ምልክት ነው። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድ ሄደሩን ከላካችሁ በኋላ ልትጨምሩ ስትሞክሩ ስህተት ይወረውራል። እዚያ የተለመደው ምክንያት ለአንድ ጥያቄ ሁለቴ መመለስ ነው፤ ስህተት ተገኝቶ ምላሽ ተልኳል፣ ፈንክሽኑ ግን አልቆመም፣ ወርዶ ሁለተኛ ምላሽ ይልካል። በጃቫ ሰርቭሌት የተላከ ምላሽ ላይ ሪዳይሬክት ብትጠሩ እንዲሁ ስህተት ይመጣል። «ጎ» የሚባለው ቋንቋ ግን ዝም ይላል። የውጤት ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ የጨመራችሁት ሄደር ያለ አንዳች ቃል ይቀራል። ለእኔ ዝምታው ከማስጠንቀቂያው ይከብዳል፤ ቢያንስ ማስጠንቀቂያው የት እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል።

ረጅም ምላሽ በቁራጭ በቁራጭ የምትልኩ ከሆነም አስቡበት። 200 ብላችሁ ጀምራችሁ መሐል ላይ ዳታቤዙ ቢወድቅ ቁጥሩን ወደ 500 መለወጥ አትችሉም። የሚቀራችሁ ግንኙነቱን ማቋረጥ ነው፤ ተቀባዩ ምላሹ እንዳልተሟላ የሚያውቀው ያኔ ነው። ሊወድቅ የሚችለውን ሥራ ከመጀመሪያው ባይት በፊት መጨረስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሪዳይሬክት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳት ያለው እዚህ ነው። በፒኤችፒ «ሎኬሽን» የሚባለውን ሄደር ስትልኩ፣ ሌላ ቁጥር ካልመረጣችሁ በስተቀር፣ ውጤቱ ራሱ 302 ይሆናል። ብሮውዘሩ ወደ አዲሱ አድራሻ ይሄዳል። ስክሪፕቱ ግን አልቆመም። ሄደር መላክ ስክሪፕት ማቆም አይደለም።

አንድ የአስተዳዳሪ ገጽ አስቡ። ላይኛው ላይ ተጠቃሚው ካልገባ ወደ መግቢያው ገጽ ላከው የሚል ኮድ አለ። ከሥሩ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይታተማል። ከሪዳይሬክቱ በኋላ ስክሪፕቱን የሚያስቆም ትእዛዝ ካልተጻፈ ዝርዝሩ ለማንም ይላካል። ብሮውዘር ስለማያሳየው የተጠበቀ ይመስላል። ሪዳይሬክቱን ሳይከተል ምላሹን የሚያነብ ማንኛውም መሣሪያ ግን ሁሉንም ያያል። ከሥሩ ያለው ኮድ ማሳያ ሳይሆን ማጥፊያ ከሆነ ደግሞ ያጠፋል። ስለዚህ ከሪዳይሬክት ቀጥሎ ሁልጊዜ ማቆሚያ ይኑር። ይህን ቀልድ አታድርጉት።

ቁጥሮቹም እኩል አይደሉም። 301 ለዘለቄታው ተዛውሯል ማለት ነው፤ ብሮውዘሩ ያስታውሰዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊሄድ ይችላል። በስህተት የተላከ 301 ሰርቨሩ ላይ ብታስተካክሉትም ተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ ይቆያል። እርግጠኛ እስክትሆኑ 302 ተጠቀሙ። ፎርም ተሞልቶ ከተላከ በኋላ ወደ ውጤት ገጽ ለመውሰድ 303 ነው የሚስማማው፤ ተጠቃሚው ገጹን ሲያድስ ፎርሙ ደግሞ አይላክም። 307 እና 308 ደግሞ ጥያቄው የተላከበትን ዘዴ ሳይቀይሩ ያዛውራሉ።

አሁን ወደ ይዘቱ ዓይነት። «ኮንቴንት-ታይፕ» የሚባለው ሄደር ይዘቱ ኤችቲኤምኤል ይሁን ጄሰን፣ ፊደሎቹስ በምን ስልት ወደ ባይት ተቀይረው እንደተላኩ ይናገራል። ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካልነገራችሁት ብሮውዘሩ ሊገምት ይችላል፤ ሲሳሳት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። «ኮንቴንት-ሌንግዝ» ደግሞ የይዘቱን ርዝመት ይናገራል፤ የሚቆጥረው ግን ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። የግዕዝ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 በየፊደሉ 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። የፊደሉን ቁጥር ወስዳችሁ 3 ብላችሁ ብትልኩ ብሮውዘሩ «ሰ» ላይ ያቆማል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ ኮድ ይህን ስህተት ለዓመታት ሊደብቀው ይችላል፤ እዚያ 1 ፊደል 1 ባይት ነውና። የሚሻለው ርዝመቱን ራሱ ሰርቨሩ እንዲያሰላ መተው ነው።

አንድ ሄደር ሁለቴ ሲጻፍስ? በፒኤችፒ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካል፤ አትተካ፣ ጨምር ብላችሁ በግልጽ ካልነገራችሁት በስተቀር። ለአብዛኛው ሄደር መተካቱ ልክ ነው። ለኩኪ ግን አይደለም። እያንዳንዱ ኩኪ የራሱ «ሴት-ኩኪ» መስመር ያስፈልገዋል። ሌሎች ሄደሮች በአንድ መስመር በኮማ ሊጣመሩ ይችላሉ፤ ይኼኛው አይችልም፣ የኩኪው ማብቂያ ቀን ራሱ ኮማ አለውና። በእጅ የጻፋችሁት የቋንቋ ኩኪ የመግቢያውን ኩኪ ተክቶት ተጠቃሚዎች ሳይታሰብ ሊወጡ ይችላሉ። ኩኪን ለኩኪ በተሠራው ፈንክሽን ላኩ። የመግቢያ ኩኪ ከሆነ ጃቫስክሪፕት እንዳያነበው፣ ባልተመሰጠረ ግንኙነት እንዳይላክ፣ ከሌላ ጣቢያ በመጣ ጥያቄ ላይ እንዳይጫን የሚያደርጉትን ሦስት ምልክቶች ጨምሩበት።

ካሽ፣ ማለትም ምላሽን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስቀምጥ ማከማቻ፣ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው በስሙ ይታለላል። «ካሽ-ኮንትሮል» በሚባለው ሄደር ውስጥ «ኖ-ካሽ» ማለት አታስቀምጥ ማለት አይደለም። አስቀምጥ፣ ግን ከመጠቀምህ በፊት ሰርቨሩን ጠይቅ ማለት ነው። ጨርሶ አታስቀምጥ የሚለው «ኖ-ስቶር» ነው። የግል መረጃ ያለበት ገጽ ላይ የምትፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። «ፕራይቬት» ደግሞ የተጠቃሚው ብሮውዘር ያስቀምጥ፣ መሐል ላይ ያለ የጋራ ካሽ ግን አያስቀምጥ ይላል።

ምንም ካልተናገራችሁስ? ዝምታ ክልከላ አይደለም። ካሾች ከመጨረሻው የለውጥ ቀን ተነስተው ገጹ ለምን ያህል ጊዜ ትኩስ እንደሆነ የመገመት መብት አላቸው። ኩኪ አብሮ መላኩም በደንቡ መሠረት ምላሹ እንዳይቀመጥ አይከለክልም። ከፊታችሁ የጋራ ካሽ ካለና የአንዱ ተጠቃሚ ገጽ ያለ መመሪያ ከወጣ፣ ሌላው ሰው የእሱን ስምና መልእክት ሊያይ ይችላል። እኔ ከሄደር ስህተቶች ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ፒኤችፒ ሴሽን (ተጠቃሚውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚያስታውሰውን ዘዴ) ስትጀምሩ በነባሪው ይህን ይጠነቀቅላችኋል። አታስቀምጥ የሚሉትን መመሪያዎች ይልክና የማብቂያውን ቀን ኅዳር 19 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ያደርገዋል። ቀኑ ያለፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ያለፈበት ይዘት እንደ ትኩስ አይቆጠርምና። ያንን ቀን ሄደሮች ውስጥ ስታዩ አትደንግጡ።

ገጹ በተጠቃሚው ቋንቋ የሚለዋወጥ ከሆነ «ቬሪ» የሚባለውን ሄደር አትርሱ። ለካሹ፣ ይህ ምላሽ እንደ ጠያቂው ቋንቋ ይለያያልና ለየብቻ አስቀምጠው ይለዋል። እሱ ከሌለ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ቋንቋ ለሁሉም ይደርሳል። የማይለዋወጡ ፋይሎችን ግን ያለ ፍርሃት ለረጅም ጊዜ አስቀምጡ፤ ይዘቱ ሲለወጥ ስሙን ለውጡት። አልፎ አልፎ ለሚለወጠው ደግሞ «ኢታግ» የሚባል የይዘት መለያ ሄደር አለ። ብሮውዘሩ የያዘውን መለያ መልሶ ይልካል፣ ካልተለወጠ ስክሪፕታችሁ 304 ብሎ ያለ ይዘት ይመልሳል። ኔትወርክ ለሚጎተትበት ተጠቃሚ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ሄደር ውስጥ ሳይጣራ አይግባ። ጽሑፉ የመስመር መስበሪያ ከያዘ አጥቂው አዲስ ሄደር ሊፈጥር፣ እንዲያውም ባዶ መስመር ጨምሮ የራሱን ይዘት ሊተክል ይችላል። ፒኤችፒ ከ5.1.2 ጀምሮ በአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ ሄደር እንዳይላክ ይከለክላል። የመድረሻ አድራሻውን ግን አይመረምርላችሁም። ከገባህ በኋላ ወደዚህ ሂድ የሚል አድራሻ ከጥያቄው ላይ የምትወስዱ ከሆነ፣ የራሳችሁ ጣቢያ አድራሻ መሆኑን ሳታረጋግጡ ወደ «ሎኬሽን» አታስገቡት፤ አጥቂዎች በእናንተ ስም ሰው ወደ ሐሰተኛ መግቢያ ገጽ ይልኩበታል።

ከደኅንነት ሄደሮች አንዱ በተለይ እርጋታ ይፈልጋል። «ስትሪክት-ትራንስፖርት-ሴኪዩሪቲ» ብሮውዘሩ ጣቢያችሁን በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ እንዲጎበኝ ያዘዋል፤ ብሮውዘሩም ትእዛዙን ያስታውሳል። ብዙዎች በቀጥታ 31536000 ሰከንድ ይጽፋሉ፤ አንድ ዓመት ማለት ነው። ሰርተፊኬታችሁ በመሐል ቢበላሽ ያ ተጠቃሚ በማስጠንቀቂያው ላይ ተጭኖ ማለፍ እንኳ አይፈቀድለትም። በጥቂት ደቂቃ ጀምሩ፣ ሁሉም መሥራቱን አይታችሁ አሳድጉት።

ስክሪፕታችሁ የላከው ሄደር ተጠቃሚው ጋ ሳይለወጥ ይደርሳል ብላችሁም አትመኑ። ከፊቱ አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ የሚባል የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም አለ፣ ከዚያ ፊት ሌላ ካሽ ሊኖር ይችላል። ኤንጂንኤክስ ላይ ሁለት ነገር ሰው ያደናግራል። በማስተካከያው ፋይል ሄደር ስትጨምሩ፣ «ኦልዌይስ» ካላላችሁ በስተቀር፣ 404 እና 500 ምላሾች ላይ አይጨምረውም። ውስጠኛው ክፍል ላይ አንድ ሄደር ከጨመራችሁ ደግሞ ከውጭኛው ክፍል የሚወረሱት ሁሉ ይቀራሉ። አንድ ሄደር ጨምራችሁ የደኅንነት ሄደሮቻችሁን በሙሉ ልታጡ ትችላላችሁ። ኩኪዎቻችሁ በጣም ከበዙ ደግሞ ሄደሮቹ ከኤንጂንኤክስ ባፈር ይበልጡና ተጠቃሚው 502 ያያል፤ ምክንያቱ የሚገኘው የኤንጂንኤክስ ሎግ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በግምት አትሥሩ፤ የደረሰውን ነገር ተመልከቱ። በብሮውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ክፍል እያንዳንዱን ምላሽ ከነሄደሮቹ ያሳያል። ስሞቹ በትንንሽ ፊደል ቢመጡ አይግረማችሁ፤ ኤችቲቲፒ 2 እንዲያ ያስገድዳል፣ ትርጉማቸውም በፊደል መጠን አይለወጥም። ስሞችን የሚያነጻጽር ኮድ ካላችሁ ግን ይህን ልብ ይበል። ከተርሚናል «ከርል» የሚባለውን የድረ ገጽ መጠየቂያ ትእዛዝ ተጠቀሙ። በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል «አይ» (-I) ስትጠሩት ሄደሮቹን ብቻ የሚጠይቅ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚልከው፤ ስክሪፕታችሁ ለእሱ የተለየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። በትንሹ «አይ» (-i) ከጠራችሁት ተራውን ጥያቄ ይልክና ሄደሩንም ይዘቱንም ያሳያችኋል። አንዴ በውጭው አድራሻ፣ አንዴ በቀጥታ ከጀርባ ያለውን ሰርቨር ጠይቁና ሁለቱን ምላሾች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የጠፋው ሄደር የትኛው ንብርብር ላይ እንደተነካ ወዲያው ይታያችኋል።